እጅ አልተንቀሳቀሰም

ኑ፣ ግቡ። በሩን ገርበብ አድርጉትና አረፍ በሉ፤ ምንጣፉ ለሁላችንም ይበቃል። እጃችሁን እንደፈለጋችሁ አድርጉት፣ እዚህ ቤት እጅ የሚቆጣጠር የለም። አንተም የኔ ጌታ፣ ከብብትህ ሥር አውጣው፤ ነፋስ ያግኘው። የማጫውታችሁ የምንታምርን ነገር ነው፣ የሸማኔውን የሻንቆን ልጅ። ረጅም አይደለም። ብቻ አታቋርጡኝ፤ ካቋረጣችሁኝ ተመልሼ ከመጀመሪያው ነው የምነሣው።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባ ሦስት ነበር። ምንታምር አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላት አራት ወር ቀርቷታል። ከአባቷ ከሻንቆና ከእናቷ ከታደለች ጋር የምትኖረው ከተራራው ሥር ከተደረደሩት ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ምድር ላይ ነው። ምድሩን ማንም አይፈልገውም፤ አቧራ አለው፣ እርጥበት አለው። ሻንቆ ግን በዕጣ የደረሰውን ስድስተኛ ፎቅ ከሌላ ሰው ጋር ተለዋውጦ ነው ምድሩን የወሰደው። ለምን እንደሆነ ኋላ ትሰማላችሁ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት የሕንፃው ደወል ይደወላል። በየቤቱ ያለ የፈተና ዓመት ልጅ ተነሥቶ ከጠረጴዛ ይቀርብና ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ሰሌዳው ላይ ያኖራል። ሰሌዳው እንደ ሰው ገላ ለብ ያለ ብረት ነው። ልጁ ከዚያ በኋላ እስከ ቀትር እጁን አያነሣም። እናቱ ታጎርሰዋለች። ውኃውን በቀጭን ቱቦ ይስባል። አፍንጫውን ሲያሳክከው «አፍንጫ» ይላል፣ እናቱ ታክለታለች። ጉርሻ ድሮ የፍቅር ነበር፤ ለአንድ ለሁለት ጊዜ፣ ያውም ሰው እያፈረ፣ እንቢ እያለ። አሁን እንቢ የሚል የለም። ዝም ብሎ አፍ ይከፈታል።

መንገድ ላይም ያው ነው። ሰው ሲያወራ እጁን አያወናጭፍም፣ ልጆች አይተው እንዳይለምዱ። ሰላምታ በአንገት ሆኗል። ሠርግ ላይ በምላስ ይጨበጨባል። ለቅሶ ቤት እንኳ ደረት የሚመታ ጠፍቷል፤ ሴቶቹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው በድምፅ ብቻ ያለቅሳሉ።

ይህ ሁሉ ለአርባ ጥያቄ ነው። ፈተናው አርባ ጥያቄ አለው፣ ቃል የለውም፣ ሁሉም ቅርጽ ነው። አንድ የኩብ ክምር ይታይሃል፤ ከታች አራት ክምሮች አሉ፤ ዞሮ እሱን የሚሆነው የቱ ነው? ስድስት ካሬ በመስቀል ቅርጽ ተዘርግቷል፤ ታጥፎ ሣጥን ሲሆን ከነጥቡ ፊት ለፊት የሚውለው የቱ ነው? እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። ንባቡንም ስሌቱንም ማሽኖቹ ከወሰዱት ቆይቷል። ለሰው የቀረው ቅርጽን በሐሳብ ማዞር ነው ተባለ። ሐሳቡ ደግሞ የልጁ የራሱ መሆኑ እንዲታወቅ እጅ ዝም ይበል ተባለ። ጣት ከሰሌዳው ከተነሣ ስክሪኑ ይጠቁራል። በቃ።

ሠላሳ ሁለት ያገኘ የላይኛው ትምህርት ቤት ይገባል። ያላገኘ እስከ ሦስት ጊዜ ይሞክራል። ሦስተኛውን የወደቀ በወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ነጩ አውቶቡስ ይወስደዋል፤ ቆላ ወዳለው የባትሪ መለያ ጣቢያ፣ ለሰባት ዓመት።

የምንታምርን ታላቅ ወንድም እርስቱን ነጩ አውቶቡስ ከወሰደው አራት ዓመት ሆኖት ነበር። በየወሩ በአምስተኛው ቀን መልእክቱ ይመጣል። «ደህና ነኝ። ምግቡ ጥሩ ነው። እርስቱ።» አንድም ቃል ተጨምሮበት፣ አንድም ቃል ጎድሎበት አያውቅም። ታደለች አንድ ጊዜ፣ «የኔ ልጅ፣ ያ የሚያምህ ጥርስህ እንዴት ሆነ?» ብላ ላከችበት። በአምስተኛው ቀን መልሱ መጣ። «ደህና ነኝ። ምግቡ ጥሩ ነው። እርስቱ።»

ምንታምር ሁለት ጊዜ ተፈትናለች። መጀመሪያ አሥራ አራት አገኘች፣ ቀጥሎ አሥራ ስድስት። የቀራት አንድ ነው፣ እሱም ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ።

አንድ ቀን ጠዋት ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ሙሉነሽ ስኳር ልትበደር ወረደች። ልጇ ኢዩኤል የምንታምር እኩያ ነው፤ በሕንፃው ውስጥ እንደሱ ዝም የሚል እጅ የለም ይባላል።

«ታዱ፣ ኢዩኤል ትናንት አርባ ደቂቃ ሙሉ ዓይኑን ብቻ ነው ያርገበገበው። ዝንብ ግንባሩ ላይ አርፋ፣ እግሯን ታጥባ፣ ክንፏን አበጥራ ሄደች። እሱ ወይ ፍንክች!»

«እሰይ፣ ደግ ነው» አለች ታደለች፣ ለልጇ ጉርሻ እየጠቀለለች።

«የናንተዋስ?»

«አለች፣ ትሞክራለች።»

«መቼም ከደም የመጣ ነገር ነው። የሸማኔ ልጅ እጅ እንዴት ብሎ ዝም ይላል? አትቀየሚኝ እንግዲህ፣ ስለምወዳት ነው።»

ምንታምር ጉርሻዋን ዋጠች። «እትዬ ሙሉ፣ እጄ እኮ ዝም ብሏል። ያስቸገረኝ ቅርጹ ነው።»

«አፍሽም አብሮ ዝም ቢል ጥሩ ነበር» አለችና ሙሉነሽ ስኳሯን ይዛ ወጣች።

እውነቷን ነበር ምንታምር። በሁለቱም ፈተና ጣቷ አልተነሣም። መልሷ ነው የሚጠፋባት። ክምሩን በሐሳቧ ታዞረዋለች፣ ዞሮ ሲመጣላት በግልጽ ታየዋለች፣ ያየችውን ትመርጣለች፤ ስሕተት ይሆናል። ወለም ዘለም ብላ ብትሳሳት አንድ ነገር ነበር። እርግጠኛ ሆና ነው የምትሳሳተው። ያስፈራትም ይኸው ነው።

ሻንቆ ሁሉንም ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሰምቷል። ዝምተኛ ሰው ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የሕንፃው ሰዎች ሙሉነሽን ፊት አድርገው፣ «የመወርወሪያህ ኳኳታ የልጆቻችንን ጣት ያነቃንቃል» ብለው ፈርመው ሲያመጡለት ወረቀቱን ተቀበለ። ድሩን ቆርጦ ጠቀለለ፣ የሽመናውን ጉድጓድ በሳንቃ ከደነ፣ ሳንቃው ላይ ምንጣፍ አነጠፈ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ጠራጊዎቹን ማሽኖች ያጥባል።

«ምንታ፣ እስቲ ያንን ታርሞ የመጣውን የፈተና ወረቀትሽን አምጪው» አላት ከቀትር በኋላ።

«አባዬ፣ ፊደል እኮ የለውም።»

«ለዚህ አይደል አምጪው ያልኩሽ?»

ሳቀች፣ አመጣችለት። ሻንቆ ፊደል አልቆጠረም። ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ረጅም ሰዓት አየው። ጥያቄው ይኸ፣ ትክክሉ ይኸ፣ አንቺ የመረጥሽው ይኸ እያለ በአገጩ ይጠቁማል። ከዚያ ተነሥቶ ወረቀቱን ገልብጦ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ለጠፈው። ከጀርባው ሲታይ፣ እሷ የመረጠችው ክምር ቁርጥ ትክክለኛውን ሆነ። ሁለተኛውን ጥያቄ እንደዚያው አደረገ። ሦስተኛውን። ከሃያ አራቱ ስሕተት ሃያ ሁለቱ እንደዚያው ሆኑ።

«ልጄ፣ አንቺ አልተሳሳትሽም» አለ። «ከታች ሆነሽ ነው ያየሽው።»

አልገባትም። ሻንቆ ምንጣፉን ጠቀለለ። ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ አነሣ። የተዘጋ አፈር ሽታ ቤቱን ሞላው። ስድስተኛውን ፎቅ ያስለወጠው ያ ጉድጓድ ነው፤ ሸማኔ ከአፉ ተቀምጦ እግሩን የሚሰድበት። ሁለቱ መርገጫዎች በገመዳቸው እንደተንጠለጠሉ ነበሩ።

ያኔ ትዝ አላት። እስከ ስድስት ዓመቷ ውሎዋ እዚያ ውስጥ ነበር። አባቷ ከላይ ይሸምናል፣ እሷ ከእግሩ አጠገብ ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብላ ማግ ታጠነጥንለታለች። ጨርቁ እንደ ጣሪያ ከራሷ በላይ ነው። ብርሃን በጥለቱ አልፎ ፊቷ ላይ ይወርዳል። ጥለትን ሁሉ ያወቀችው ከሥሩ ነው። ለአባቷ ወደ ቀኝ የዘመመች አበባ ለእሷ ወደ ግራ የዘመመች ነበረች። ዓይኗ እንደዚያው ሆኖ ቀረ፤ አንድ ነገር ሲሰጧት ሥሩ ገብታ ነው የምታየው።

«ነይ» አላት ሻንቆ። «ዛሬ ከላይ ተቀመጪ። የኔ ቦታ ላይ።»

ታደለች በሩን ዘጋች። «ሻንቆ፣ ጎረቤት ቢሰማስ?»

«ምን ይሰማል? ድር የለ፣ መወርወሪያ የለ። እግር ብቻ ነው።»

ምንታምር ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። መዳፎቿን ጨርቁ ይጠቀለልበት በነበረው እንጨት ላይ አኖረች። የመርገጫውን ገመድ በእግሯ አውራ ጣትና በሚቀጥለው ጣት መሃል ቆነጠጠችው። ወዲያው አወቀችው፤ የአባቷን እግር ስንት ዓመት አይታዋለች።

«ቅርጹን በዓይንሽ አትጎትቺው» አላት ሻንቆ። «እግርሽ ላይ አስቀምጪው። ቀኙን ስትረግጪ ወደ ቀኝ ይንከባለል፣ ግራውን ስትረግጪ ወደ ግራ። ጣትሽን ስትጫኚ ወደ ፊት ይደፋ፣ ተረከዝሽን ስትጫኚ ወደ ኋላ። እጅሽን እርሺው። ሸማኔ እግሩ ሲሠራ እጁ መጠበቅን ያውቃል።»

የመጀመሪያው ሳምንት አልሆነላትም። አንዳንዴ ሳታውቀው ሥር ትገባለች፣ ሻንቆ ከፊቷ ያውቅባታል፤ «ውጪ፣ ከላይ ነሽ፣ ጨርቁ ከእንብርትሽ ሥር ነው» ይላታል። በሦስተኛው ሳምንት የኩብ ክምሩ እግሯ ላይ ክብደት እያገኘ መጣ። የመስቀሉን ሣጥን ራሷ ደረሰችበት፤ አራቱ ካሬ በአንድ መስመር ከተዘረጋ፣ አንድ ረግጠሽ ዝለይ፣ ሁለተኛው ላይ ስትደርሺ እሱ ነው ፊት ለፊቱ። ወረቀት ታጥፎ ሲበሳ ስንት ቀዳዳ እንደሚወጣው ብቻ ግራ አጋብቷት ነበር። እሱን ታደለች ነች የፈታችው።

«ነጠላዬን ለሁለት አጠፍኩት፣ እንደገና ለሁለት አጠፍኩት፣ ፍም ወደቀበት፣ በሳው። ስዘረጋው ስንት ቀዳዳ አለው?»

«አራት።»

«የትና የት?»

«ካጠፍሽበት መስመር ግራና ቀኝ፣ ትይዩ።»

«ታዲያ ይህን አጥተሽ ነው መንግሥት ያስቸገርሽው?» አለችና ታደለች ወደ ሥራዋ ሄደች።

በስምንተኛው ሳምንት ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ሰባት እያገኘች ነበር። እጇ እንጨቱ ላይ እንደ ተኛ ድመት ጸጥ ብሏል። ከወገቧ በታች ግን ሌላ ሰው ያለች ይመስል ነበር።

አሁን የሚመጣውን ልብ በሉልኝ። ሸማኔ በባዶ እግሩ ነው የሚሠራው። ሻንቆ ዕድሜውን ሁሉ፣ ምንታምር ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ፣ ጉድጓዱ ውስጥ በጫማ የገባ የለም። የፈተናው ቀን ጠዋት ምንታምር የትምህርት ቤት ጫማዋን አጥልቃ፣ ማሰሪያውን አስራ፣ ከበሩ ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። የፈተናው ደንብ ሽፍን ጫማ ይላል። ጫማዋ ደግሞ ጣቶቿን ጭምቅ አድርጎ ይዟል። አንድም ጣት አይንቀሳቀስም።

«አባዬ» አለች።

ሻንቆ እግሯን አየ። የፈተናው አውቶቡስ ውጭ ጥሩምባ ነፋ። ዝቅ ብሎ የራሱን ጫማ አወለቀ፤ አሮጌ ቆዳ ጫማ፣ አርባ ሦስት ቁጥር። ያለው እሱ ብቻ ነው። እግሯ ጫማው ውስጥ እንደ ልብ ዋኘ።

«ሂጂ» አላት።

የፈተናው አዳራሽ ሁለት መቶ ጠረጴዛ አለው። በየጠረጴዛው ሰሌዳ፣ ስክሪንና አንዲት ትንሽ መብራት። መብራቷ አረንጓዴ ናት። ጣሪያው ይሰማል። ከአንድ ወንበር አንድ ጊዜ ያልተለመደ ድምፅ ከወጣ መብራቷ ትርገበገባለች፣ ሁለተኛ ከወጣ ቢጫ ትሆናለች፣ ሦስተኛ ከወጣ ቀይ። ቀይ ማለት ስክሪኑ ጠቆረ ማለት ነው። በየረድፉ መሃል ተቆጣጣሪ ይመላለሳል። የምንታምር ረድፍ ተቆጣጣሪ ወይዘሮ ሉባባ ይባላሉ፤ ሃምሳውን ያለፉ፣ ፊታቸው የማይነበብ ሴት። ከምንታምር በስተግራ የተቀመጠው ኢዩኤል ነው። አላያትም። ዝግጁ የሆነ ልጅ አንገቱን አያዞርም።

«እጅ ይቀመጥ» አሉ ወይዘሮ ሉባባ። አራት መቶ መዳፍ አንድ ላይ አረፈ።

ለአንድ ጥያቄ ዘጠና ሰከንድ ነው። ምንታምር የመጀመሪያውን ክምር አየች። ሥር ልትገባ ቃጣት። ከላይ ነሽ አለች በሆድዋ። ቀኙን ረገጠች፣ ክምሩ ተንከባለለ፣ ተረከዟን ተጫነች፣ ወደ ኋላ ጋደም አለ። ሁለተኛው መልስ። በዓይኗ መረጠችው። ሁለተኛ ጥያቄ። ሦስተኛ። ጫማው ሰፊ ነው፣ ጣቶቿ እንደ ልባቸው ናቸው።

አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ከግራዋ በኩል ሹክሹክታ ሰማች።

«አፍንጫ።»

ኢዩኤል ነው። ራሱም ያወቀው አይመስልም። ለስንት ዓመት ያንን ቃል ሲል እናቱ ደርሳ አካለታለች፤ ምላሱ ለምዶት ነው የተናገረው። ማንም አልመጣም። ምንታምር በዓይኗ ጠርዝ አየችው። ዓይኑ እንባ ሞላ። ዝንብ ያልነቀነቀው ልጅ፣ የቀኝ እጁ ቀለበት ጣት ቀስ ብሎ፣ የሰው ጣት ያህል ሳይሆን የወረቀት ውፍረት ያህል፣ ከሰሌዳው ተነሣ።

ስክሪኑ ጠቆረ። ኢዩኤል መዳፉን መልሶ አስቀመጠና እንደነበረው ቁጭ አለ። ደንቡ እስከ መጨረሻው ቁጭ በሉ ነው የሚለው። አፍንጫውን አሁንም አላከከም።

ምንታምር ወደ ራሷ ተመለሰች። አሥራ ሦስት። አሥራ አራት። ወለሉ ለስላሳ ነው፣ ላብ ላቧ እየወረደ ነው፣ ጫማው እየረጠበ ሄደ። አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ግራዋን ስትረግጥ የጫማው ሶል፣

ሲጥ

አለ። መብራቷ ተርገበገበች።

በድን ሆነች። ለካ አባቷ ሲራመድ ሁልጊዜ የሚሰማው ድምፅ ይህ ነበር፤ ለምዳው አታስተውለውም። ግራ እግሯን ሳትነካ በቀኙ ብቻ ልትሠራ ሞከረች። ክምሩ ወደ ቀኝ ብቻ እየዞረ ሄደ፣ መመለሻ አጣ። ሰዓቱ ያልቃል። ሃያ ሰከንድ ቀረ። ቀስ አድርጋ፣ በጣም ቀስ አድርጋ፣ ግራዋን ተጫነች።

ሲጥ።

መብራቷ ቢጫ ሆነች። መልሱን ግን አገኘችው።

የወይዘሮ ሉባባ እርምጃ ከረድፉ ጫፍ ወደ እሷ መጣ። አጠገቧ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ አሉ። ከጠረጴዛው በታች አዩ፤ የሴት ልጅ ቀሚስ፣ የሽማግሌ ወንድ ጫማ፣ የጫማው ቆዳ ከላዩ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል። ምንታምር መዳፎቿ ሥር የራሷን የልብ ምት ሰማች። እርስቱ መጣባት። ደህና ነኝ። ምግቡ ጥሩ ነው። አሥራ ስምንተኛው ጥያቄ ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብሎ ሰከንዱን ይበላል።

ወይዘሮ ሉባባ ቀና አሉ። እጃቸውን ወደ ኋላቸው አጣመሩና መሄድ ጀመሩ። ግን ሩቅ አልሄዱም። ሦስት ጠረጴዛ ሄደው ተመለሱ። ሦስት ጠረጴዛ ወዲያ ሄደው ተመለሱ። ጫማቸው ተረከዝ አለው። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። እንዲያ አድርገው ሲረግጡ ቀድሞ አልተሰማም ነበር። የተቆጣጣሪ እርምጃ ለጣሪያው የተለመደ ድምፅ ነው፤ አይቆጥረውም።

ምንታምር ገባት። ጠበቀች። የሴትየዋ ተረከዝ አጠገቧ ወለሉን ሲመታ፣ እኩል ረገጠች። ቋ፣ ሲጥ። መብራቷ ባለችበት ቢጫ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሃያ ሁለት ጥያቄ እንዲህ ነበር። ሴትየዋ ሲርቁ በቀኝ እግሯና በተረከዟ የምትችለውን ትሠራለች፣ ሲቀርቡ ግራዋን። ክምሩን ግማሽ መንገድ አዙራ አንጠልጥላ የምትጠብቅበት ጊዜ ነበር። ሠላሳ አንደኛው ላይ ሴትየዋን ሌላ ተፈታኝ ጠርቷቸው ዘገዩ፤ ዘጠናው ሰከንድ አለቀባት፣ ጥያቄው ባዶውን አለፈ። ሠላሳ ስድስተኛውም እንደዚያው። አንድ ጊዜ፣ ጥያቄ ስትጠብቅ፣ ሴትየዋ ጀርባቸውን ሰጥተዋት አየች። ወደ ኋላ የተጣመረው እጃቸው፣ ከየትም የማይታየው፣ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ቀስ እያደረገ ያፍተለትላል። እንዝርት የሚያሾር እጅ ነበር።

ሲያልቅ፣ ተቆጣጣሪዎቹ ከየተፈታኙ ፊት ቆመው ቅጽ ይሞላሉ። ቅጹ አንድ መስመር ነው፤ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ጮክ ተብሎ ይመለሳል። ኢዩኤል ዘንድ፣ «እጅ ተንቀሳቅሷል» ብለው አለፉ። ምንታምር ዘንድ ሲደርሱ ቆዩ። ቅጹን ሁለት ጊዜ ያነበቡት መሰላት።

«እጅ አልተንቀሳቀሰም» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሌላ የተጠየቅሁት ነገር የለም» አሉ።

ምንታምር ከወንበሯ ስትነሣ ጫማው ሲጥ አለ። ሴትየዋ ክንዷን ያዙ።

«የማን ጫማ ነው?»

«የአባቴ ነው፣ እማማ።»

«ዘይት ይቀባው በይው።»

ውጤት በመውጫው በር ላይ ነው የሚነገረው። ሠላሳ አራት።

ሻንቆ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር፣ በባዶ እግሩ። ከተራራው ሥር እስከዚያ ድረስ በእግሩ ነው የመጣው፤ አስፋልቱ እንደ ምጣድ በሚግልበት ቀን። ምንታምር አየችው። እጇን ልታነሣ አሰበች፣ ልማድ ያዛት፤ ደረቷ ላይ እንደተጣመረ ቀረ። እንደ ሐውልት ቆማ አባቷን ታያለች። ሻንቆ ፊቷ ላይ ምንም ማንበብ አቃተው። ከዚያ ወደ ታች አየ። የራሱ ጫማ፣ መሬቱን፣ ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ፣ እያለ ይረግጣል።

ሻንቆ መንገድ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። እጁን እንዲያ ከዘረጋ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።

የዚያ ወር የመጀመሪያ ሰኞ ነጩ አውቶቡስ ከሕንፃው ዘጠኝ ልጆች ወሰደ። ኢዩኤል ከነሱ ውስጥ አልነበረም፤ እሱ የወደቀው ሁለተኛውን ነው፣ አንድ ቀርቶት ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሙሉነሽ ልጇን ይዛ ወረደች። ስኳር አልጠየቀችም። በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሽ ሻንቆ፣ ያኔ የፈረምኩት...»

«ተይው» አላት ሻንቆ። ሳንቃውን እያነሣ ነበር። «ጫማውን ያውልቅ። ፈተናው ሲቃረብ ሰፋ ያለ ትገዢለታለሽ።»

ኢዩኤል ዓመቱን ሙሉ እዚያ ጉድጓድ ዋለ። የመጀመሪያው ቀን ግን ሻንቆ ቅርጽ አላሳየውም። «በል መጀመሪያ አፍንጫህን እከክ» አለው። ልጁ እናቱን አየ። ከዚያ እጁን አንሥቶ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል እያየው፣ አከከ። ሙሉነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እንግዲህ መጨረሻው ይኸው። በሚቀጥለው ዓመት የፈተናው ቀን ልጆቹ አዳራሹ ሲገቡ ከየጠረጴዛው በታች ሁለተኛ ሰሌዳ ተዘርግቶ ጠበቃቸው፤ ለእግር። ጫማ ይወልቃል ተባለ። ቅጹም ሁለት መስመር ሆኗል፤ አንዱ ለእጅ፣ አንዱ ለእግር። ማን እንደነገራቸው አልታወቀም። ወይዘሮ ሉባባም በዚያ ዓመት አልታዩም፤ ከዚያም ወዲህ ያያቸው የለም። የእርስቱ መልእክት አሁንም በአምስተኛው ቀን ይመጣል፣ ቃሉ ያው ነው። ምንታምር ላይኛው ትምህርት ቤት ናት፤ ለእናቷ በየወሩ ትጽፋለች፣ እሷስ ረጅም ረጅሙን ነው የምትጽፈው።

ኢዩኤልስ ትላላችሁ። ዓመት ሙሉ በእግሩ የተማረው ልጅ፣ ሁለት መዳፉን ከላይ፣ ሁለት እግሩን ከታች፣ ለብ ያለ ብረት ላይ አኑሮ ተቀመጠ። አርባውን ጥያቄ ጨረሰ። ሠላሳ ሦስት አገኘ።

በምን አዞረው? እሱን አልነግራችሁም። በራችን ገርበብ ነው ያለው፣ አልተዘጋም። ቅጹም ለሦስተኛ መስመር ቦታ አለው።

በሉ፣ መሸባችሁ፣ ተነሡ። ስትወጡ እጃችሁን ወደ ቦታው መልሱ፣ ሰው እንዳያያችሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። እንደ ድንጋይ ቁጭ ያለ ልጅ ስታዩ ድንጋይ ነው ብላችሁ አትለፉት። የሆነ ቦታ፣ ማንም ካላሰበው ቦታ፣ የሚረግጥ ነገር አለው። እሱን አስታውሱልኝ፤ ካላስቸገርኳችሁ፣ የሴትየዋንም የተረከዝ ድምፅ።